የመጀመሪያ ሞተር ሳይክል፦ ስህተትሽን የሚችል ምረጪ

ጥያቄ፦ «30 ዓመቴ ነው። መኪና ከነዳሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል፤ ሞተር ሳይክል ግን ይዤ አላውቅም። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ነው። ሥራ ቦታዬ ከቤቴ 14 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከከተማ ወጣ ብዬ መንዳት እፈልጋለሁ። ሦስት አማራጭ ይዣለሁ፦ ያገለገለ ያማሃ አር6፣ ያማሃ ኤምቲ-03 እና ሆንዳ ሬብል 500። ልቤ ያለው አር6 ላይ ነው። የሚነዱ ጓደኞቼም ‹ትንሽ ገዝተሽ በስድስት ወር ከምትሰለቺ፣ አንዴ ትልቁን ግዢና ቀስ ብለሽ ንጂው› ይሉኛል። ምን ትመክረኛለህ? አዲስ ይሻለኛል ወይስ ያገለገለ?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ አር6ን ከዝርዝርሽ አውጪው። ይህን የምልሽ ሴት ስለሆንሽ ወይም ቁመትሽን አይቼ አይደለም። ሁለት ሜትር ለሚጠጋ ወንድ ጀማሪም የምሰጠው መልስ ይኸው ነው። ከቀሩት ሁለቱ አንዱን ግዢ። የትኛውን እንደሆነ ወደ መጨረሻው እነግርሻለሁ።

እኔ ጀማሪዎችን የማሠለጥን ሰው ነኝ። የመጀመሪያ ሞተር ሳይክል ስመርጥ ዋናው መለኪያዬ አንድ ነው፤ ስትሳሳቺ ምን ያህል ያስከፍልሻል? መሳሳትሽ አይቀርም። ፍሪሲዮኑን ድንገት ትለቂዋለሽ። ስትደነግጪ የፊት ፍሬኑን ጭምቅ አድርገሽ ትይዣለሽ። ኩርባ ላይ ስትደርሺ ፍጥነትሽ ከገመትሽው በላይ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ይህን ሳያልፍ ነጂ የሆነ ሰው አላውቅም። ልዩነቱ ስህተቱ የተፈጸመው ምን ላይ ተቀምጠሽ ነው የሚለው ነው።

አር6 ምን ችግር አለው?

በራሱ ምንም ችግር የለበትም። በሥራው የተዋጣለት ሞተር ሳይክል ነው። የተሠራው ግን የውድድርን ነገር ታስቦ ነው። 599 ሲሲ ነው (ሲሲ የሞተሩ ሲሊንደሮች ይዘት መለኪያ ነው)፤ ወደ 117 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ ክብደቱ 190 ኪሎ ገደማ ነው። ያንን ጉልበት በሙሉ የሚሰጠው ደግሞ ሞተሩ በደቂቃ 14,500 ጊዜ ሲዞር ነው። ይህ ለጀማሪ ክፉ ባሕርይ ነው። ዙሩ ዝቅ ሲል ረጋ ያለ ይመስላል። «ይሄማ ቀላል ነው» ትያለሽ። ዙሩ ከፍ ሲል ግን ጉልበቱ ተጠራቅሞ በአንዴ ይመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ። ሞተር ሳይክል ድንገት ወደ ፊት ሲፈናጠር የነጂው ሰውነት ወደ ኋላ ይቀራል። ያኔ እጅሽ እንዳትወድቂ መሪውን አጥብቆ ይይዛል። ነዳጅ የምትሰጪው በዚያው በቀኝ እጅሽ ነው። ወደ ኋላ ስትሳቢ አንጓሽ ወደ ታች ይጠመዘዝና ሳታስቢው ነዳጅ ይጨምራል። የበለጠ ይፈናጠራል፤ አንቺም የበለጠ አጥብቀሽ ትይዣለሽ። ይህ በሥልጠና ሜዳ ላይ ደጋግሞ የሚያጋጥም ነገር ነው። በ125 ሲሲ ላይ ሲሆን ተማሪዋ ደንግጣ ፍሪሲዮኑን ትይዝና ትቆማለች። ከመቶ በላይ የፈረስ ጉልበት ባለው ላይ ሲሆን ለማሰብ የሚተርፍ ጊዜ የለም።

ፍሬኑም እንደዚያው ነው። የስፖርት ሞተር ሳይክል የፊት ፍሬን በሁለት ጣት የሚሠራ ኃይለኛ ነገር ነው። ለሠለጠነ እጅ በረከት ነው። በድንጋጤ ለሚጨምቅ እጅ ግን አደገኛ ነው። አቀማመጡም አለ። ወደ ፊት አጎንብሰሽ ክብደትሽን በእጅ አንጓሽ ላይ ትጥያለሽ። መሪው ግራና ቀኝ የሚዞረው በጥቂቱ ነው። በከተማ ውስጥ በቀስታ መዞር፣ በተጨናነቀ መንገድ መሹለክ፣ ጠባብ ቦታ ማቆም ሁሉ ፈተና ይሆናል። አንቺ በየቀኑ የምትሠሪው ደግሞ ይህንኑ ነው።

«ቀስ ብለሽ ንጂው» የሚለውን ምክር በቅን ልብ እንደሰጡሽ አልጠራጠርም። ነገር ግን ቀስ ብሎ መንዳት አንቺ የምትወስኚው ነው። ስህተት ሳትወስኚ ነው የሚመጣው። ጉድጓድ ስትመቺ እጅሽ ይንሸራተታል፤ ያን ጊዜ ቀስ ለማለት የነበረሽ ሐሳብ አያድንሽም።

ሲሲ ብቻውን ብዙ አይነግርሽም

ሰዎች «600 ለጀማሪ ይበዛል፣ 300 ይበቃል» ሲሉ ትሰሚያለሽ። በጥቅሉ ስህተት የለበትም፤ ግን ያሳስታል። ሮያል ኢንፊልድ ክላሲክ 350ን ውሰጂ። 349 ሲሲ ነው፤ የሚያወጣው ግን 20 የፈረስ ጉልበት ገደማ ብቻ ነው። ክብደቱ 195 ኪሎ ነው። ኤምቲ-03 ደግሞ 321 ሲሲ ነው። ከክላሲኩ ያንሳል ማለት ነው። ጉልበቱ ግን 42 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቱም 168 ኪሎ ገደማ ነው። በእጥፍ ይበረታል፤ ይቀላልም። የአንቺው ሬብል 500 በበኩሉ 471 ሲሲ ሆኖ ጉልበቱ 46 አካባቢ ነው። በሲሲ ከአር6 ብዙም አይርቅም። በጠባይ ግን ሰማይና ምድር ናቸው።

ስለዚህ ሻጭ ፊት ስትቆሚ ከሲሲው አልፈሽ ሦስት ነገር ጠይቂ። ስንት የፈረስ ጉልበት አለው? ጉልበቱ የሚመጣው በስንት ዙር ላይ ነው? ነዳጅ ሞልቶ ስንት ኪሎ ይመዝናል? ለጀማሪ የሚሆነው በዝቅተኛ ዙር እየጎተተ የሚሄድ፣ ነዳጅ ስትሰጪው ሳይንጥ የሚታዘዝ ነው።

ይህ የእኔ አስተያየት ብቻ አይደለም፤ ሕግ አውጪዎችም በዚሁ መንገድ ነው የሚያስቡት። በአውሮፓ ኅብረት ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኤ2 የሚባለው መንጃ ፈቃድ የሚፈቅደው እስከ 35 ኪሎ ዋት፣ ማለትም እስከ 47 የፈረስ ጉልበት ነው። ጉልበቱ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸርም በኪሎ ከ0.2 ኪሎ ዋት መብለጥ የለበትም። ጃፓን ውስጥ መካከለኛው መንጃ ፈቃድ 400 ሲሲ ላይ ያቆማል። አውስትራሊያ ለተማሪ ነጂዎች እስከ 660 ሲሲ ትፈቅዳለች፤ ግን ጉልበቱን ከክብደቱ ጋር አስልታ ኃይለኞቹን ታስቀራለች። ኤምቲ-03ም ሬብል 500ም በአውሮፓው ወሰን ውስጥ ይገባሉ። አር6 ወሰኑን ከእጥፍ በላይ ያልፈዋል። አንቺ ባለሽበት ሀገር እንዲህ ያለ ሕግ ባይኖርም ቁጥሩን እንደ መመሪያ ተጠቀሚበት።

ስለ መሰልቸት

ጓደኞችሽ የፈሩልሽ ነገር ይህ ነው። እውነቱን ለመናገር 42 የፈረስ ጉልበት በስድስት ወር የሚሰለች አይደለም። አውራ ጎዳና ላይ ከመኪኖች ጋር እኩል ያስኬድሻል፤ ለመቅደምም ትርፍ አለው። ትንሽ ሞተር ሳይክል የተሻለ ያስተምራል ብዬም አምናለሁ። ጉልበቱ ውስን ስለሆነ ማርሹን በሰዓቱ መቀየር፣ ከኩርባ በፊት ፍጥነት ማስተካከል፣ ፍሬኑን ለስላሳ አድርጎ መያዝ ትማሪያለሽ። ኃይለኛው ሞተር ሳይክል ይህን ሁሉ ይሸፍንልሻል። ኩርባውን በመጥፎ ሁኔታ ወጥተሽም ነዳጅ ሰጥተሽ ታካክሺዋለሽ፤ ስህተትሽን አታይውም።

ብትሰለቺስ? ያገለገለና በደንብ የተያዘ ትንሽ ሞተር ሳይክል ሁልጊዜ ገዢ አለው፤ የሚፈልገው ሌላ ጀማሪ ነውና። ዋጋውን የሚጥለው መጀመሪያ ላይ ነው፤ ያንን ደግሞ የቀድሞው ባለቤት ከፍሎልሻል። አር6ም የትም አይሄድም። አንድ ሁለት ዓመት በደንብ ከነዳሽ በኋላ ልብሽ አሁንም እዚያው ካለ ዝግ በሆነ የውድድር መንገድ ላይ ተከራይተሽ ሞክሪው። የተሠራለት ቦታ እዚያ ነው።

አንድ ጥናት ላንሣልሽ። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ ነው። በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሃሪ ኸርት የመሩት ቡድን በሎስ አንጀለስ 900 የሞተር ሳይክል አደጋዎችን ቦታው ድረስ ሄዶ መረመረ። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች ከግማሽ በላይ የሆኑት አደጋው በደረሰበት ሞተር ሳይክል ላይ ያላቸው ልምድ ከ5 ወር ያነሰ ነበር። ሌላ ሞተር ሳይክል ለዓመታት የነዱትም ይገኙበታል። ስለዚህ በአዲስ ሞተር ሳይክል ላይ፣ ልምድ ላለው ነጂም ቢሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ወራት ክፉ ናቸው። አንቺ ላይ ደግሞ ሁለቱም አዲስ ናቸው፤ መንዳቱም፣ ሞተር ሳይክሉም። እነዚያን ወራት በቀላል ሞተር ሳይክል ማለፍ ለእኔ ክርክር የለውም።

ቁመትና ክብደት

ይህን ክፍል ረጋ ብለሽ አንብቢው። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው።

የመቀመጫ ከፍታ የሚባል ቁጥር አለ። ሬብል 500 690 ሚሊ ሜትር ነው፤ በጣም ዝቅተኛ ነው። ኤምቲ-03 780 ነው። አር6 850 ነው። በአንቺ ቁመት አር6 ላይ በጣት ጫፍ ነው የምትቆሚው። ቁጥሩ ግን ሁሉን አይናገርም። መቀመጫው ሰፊ ከሆነ እግርሽን ወደ ጎን ይከፍተውና ዝቅተኛውም ከፍ ያለ ይሆንብሻል። ወደ ፊት የጠበበ መቀመጫ ደግሞ ከቁጥሩ ያነሰ ሆኖ ይሰማሻል። የሰው እግር ርዝመትም ቁመቱ አንድ ሆኖ ይለያያል። ስለዚህ ሳትቀመጪ አትወስኚ። ስትሄጂም ስትነጂ የምታደርጊውን ጫማ አድርጊ።

ሁለት እግርሽ ሙሉ በሙሉ መሬት መንካት አለበት? የግድ አይደለም። የሁለቱም እግሮችሽ ፊተኛው ክፍል በደንብ ከነካ፣ ወይም አንዱ እግር ሙሉ በሙሉ ከረገጠ ይበቃል። ሥራውን የሚሠራው የግራ እግርሽ ነው። ስትቆሚ ግራውን መሬት ታሳርፊያለሽ፤ ቀኙ የኋላ ፍሬኑ ላይ ይቀራል። ለጀማሪ ግን ሁለቱም እግር መሬት ሲይዝ ድፍረት ይሰጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድፍረት ትልቅ ነገር ነው።

ከከፍታው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ክብደቱ ነው። ሞተር ሳይክል እየሄደ ሳለ ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ክብደቱ አይሰማሽም። የሚከብደው ስትቆሚ ነው። ስታዞሪው፣ ወደ ኋላ ስትገፊው፣ ዳገት ላይ ስታቆሚው። ጀማሪዎች በብዛት የሚወድቁት ሲሮጡ ሳይሆን ሲቆሙ ነው። መሪው እንደዞረ የፊት ፍሬኑን ይዘሽ ስትቆሚ ሞተር ሳይክሉ ወደዞረበት ጎን ይወርዳል። ትንሽ ዘንበል ሲል በእግርሽ ትመልሺዋለሽ። ከተወሰነ ወሰን ሲያልፍ ግን ማንም ሰው አይዘውም። 190 ኪሎ ሲወድቅ አትታገዪው፤ እግርሽን አውጥተሽ ልቀቂው። ሞተር ሳይክሉ ይጠገናል።

እዚህ ላይ ነው የፕላስቲክ ሽፋን ነገር የሚመጣው። ስፖርት ሞተር ሳይክሎች ከፊት እስከ ጎን በፕላስቲክ የተሸፈኑ ናቸው። ቆሞ እያለ አንዴ ቢወድቅ ሽፋኑ ይሰነጠቃል፤ ለመቀየር ውድ ነው። ሽፋን የሌለው ሞተር ሳይክል እንደዚያው ሲወድቅ የሚጎዳው የፍሪሲዮን ወይም የፍሬን መጨበጫው፣ ፍሬቻውና መስታወቱ ነው። አንቺ ቢያንስ አንዴ ትጥይዋለሽ ብለሽ አስቢና ግዢ።

ሱቅ ስትሄጂ እንዲህ አድርጊ። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ከጎን መቆሚያው ላይ ራስሽ ቀጥ አድርጊው። ተቀምጠሽ በእግርሽ ወደ ኋላ ግፊው። ከዚያ ወርደሽ በጎኑ ቆመሽ መሪውን ይዘሽ ክብ አዙሪው። ሻጩ ሊረዳሽ ቢመጣ አመስግነሽ መልሺው፤ ቤትሽ በር ላይ እሱ የለም። ይህን ብቻሽን ማድረግ ካቃተሽ፣ ስለ ሞተሩ ምንም ቢባል ያ ሞተር ሳይክል ላንቺ ከባድ ነው።

አንዳንድ ሰው መቀመጫውን እያስቀነሰ፣ የኋላ ሾኩን እያሳጠረ ይገዛል። ሰፍነጉን ማስቀነስ አይጎዳም። ሾኩን መነካካት ግን የኩርባ ላይ ጠባዩንና የጎን መቆሚያውን ርዝመት ያበላሻል። ለመጀመሪያ ሞተር ሳይክል ይህን ሁሉ ከማድረግ ሌላ መምረጥ ይቀላል።

ስኩተር አስበሽ ታውቂያለሽ?

አልጠየቅሽኝም፤ ግን ላንሣው። ለ14 ኪሎ ሜትር የከተማ መንገድ ስኩተር ጥሩ መልስ ነው። ማርሽ የለውም፣ ፍሪሲዮን የለውም፣ ዕቃ መያዣ አለው። ሆንዳ ሱፐር ከብ የሚባለው ትንሽ ሞተር ሳይክል ከ1958 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከ100 ሚሊዮን በላይ የተመረተው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እሱም የፍሪሲዮን መጨበጫ የለውም። የስኩተር ድካሙ ጎማው ነው። ትንሽ ስለሆነ ጉድጓድ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። ቅዳሜና እሑድ ረጅም መንገድ የምትፈልጊ ከሆነ ደግሞ 125 ሲሲው ያንስሻል። የያዝሻቸው ሦስቱም አማራጮች ባለማርሽ ናቸው። ስለዚህ ካንቺ ፍላጎት ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥምም።

ከፍታ ያላቸውን የአፈርና የአስፋልት ሞተር ሳይክሎች ለጊዜው እለፊያቸው። በቁመትሽ ምክንያት ብቻ ነው።

ኤቢኤስ የሌለውን አትግዢ

ቀለሙን፣ ስክሪኑን፣ የማርሚታውን ድምፅ ተዪው። ለአንድ ተጨማሪ ነገር ብቻ መክፈል ካለብሽ ለኤቢኤስ፣ ማለትም ጎማው እንዳይቆለፍ ለሚከላከለው የፍሬን ሥርዓት ክፈይ።

የሞተር ሳይክል ዋናው ፍሬን የፊቱ ነው። ስትይዢው ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል፤ ከማቆሚያ ኃይሉ አብዛኛው የሚመጣው ከዚያ ነው። ግን ቀስ በቀስ መጨመቅ አለበት። በድንጋጤ በአንዴ ከያዝሽው ጎማው መዞር ያቆማል። መዞር ያቆመ የፊት ጎማ ደግሞ ሚዛን አይጠብቅም፤ ዓይንሽን እስክትጨፍኚ መሬት ላይ ነሽ። ኤቢኤስ ጎማው ሊቆም ሲል በሴንሰር ያውቃል። የፍሬኑን ግፊት በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ይለቅና ይይዛል። ያልሠለጠነ እጅ የሠራውን ስህተት ያርማል ማለት ነው። መኪና ኤቢኤስ ባይኖረው ይንሸራተታል እንጂ አይወድቅም። ሞተር ሳይክል ይወድቃል።

የአሜሪካው የአውራ ጎዳና ደኅንነት የኢንሹራንስ ተቋም ባደረገው ጥናት ኤቢኤስ ያላቸው ሞተር ሳይክሎች፣ ከሌላቸው ተመሳሳይ ሞዴሎች ጋር ሲነጻጸሩ፣ ለሞት የሚዳርግ አደጋ መጠናቸው በ22 ከመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የአውሮፓ ኅብረት ከ125 ሲሲ በላይ በሆኑ አዳዲስ ሞዴሎች ላይ ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግዴታ አድርጎታል። ህንድም ተከትላለች። ባንቺ ዝርዝር ውስጥ ባሉት ሞዴሎች እንደ ሀገሩና እንደ ምርት ዓመቱ ኤቢኤስ ያለውም የሌለውም አለ። በቃል ከሚነገርሽ ይልቅ ዳሽቦርዱ ላይ ቁልፉ ሲከፈት የኤቢኤስ መብራት መብራቱን፣ ሲሄድ ደግሞ መጥፋቱን እዪ።

አዲስ ወይስ ያገለገለ?

ያገለገለ። ዕድሜው ከ3 እስከ 6 ዓመት የሆነ፣ ምንም ያልተቀየረ፣ እንደ ፋብሪካው ያለ። የመጀመሪያው ጭረት ሲደርስበት ልብሽ አይሰበርም። የተረፈውን ገንዘብ ለልብስና ለሥልጠና ታውይዋለሽ። አዲስ የምመክረው በአካባቢሽ ያሉት ያገለገሉ ሁሉ ታሪካቸው የማይታወቅ ከሆነ ብቻ ነው።

ከመግዛትሽ በፊት ለሻጩ ደውለሽ «እስክመጣ ሞተሩን እንዳታስነሣው» በይው። ስትደርሺ ሞተሩን በእጅሽ ነክተሽ ቀዝቃዛ መሆኑን አረጋግጪ። የታመመ ሞተር በሽታውን የሚያሳየው ቀዝቅዞ ሲነሣ ነው። በቀላሉ መነሣት፣ ሚኒሞው መረጋጋት አለበት። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይነግርሻል። ሞቆ ከጠበቀሽ ምክንያቱን ጠይቂ፤ መልሱ ካልጣመሽ ሌላ ቀን ተመለሺ።

ከዚያ ጎማውን ተመልከቺ። ጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ በስተመጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 2319 ካለ በ2019 (እ.ኤ.አ.) በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያልተበላ ጎማም ቢሆን ሲያረጅ ይደርቃል፣ መንገድ አይዝም። ያረጀ ከሆነ የአዲስ ጎማ ዋጋ ከሒሳቡ ይቀነስ።

ካቴናውን ከኋላ ጎማው ጫፍ ላይ ይዘሽ ወደ ኋላ ሳቢው። ከተጠመጠመበት ጥርስ ከራቀ አልቋል። ጥርሶቹም ወደ አንድ ጎን እንደ መንጠቆ ከጎበጡ እንደዚያው። የፊት ሾኮቹ ላይ ጣትሽን አሳርፊ፤ ዘይት ካገኘሽ ጎሚኒው ለቋል። የፊት ጎማው ከመሬት ተነሥቶ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሪው። መሐል ላይ ቀጭ የሚል ከሆነ ኩሽኔታው ተጎድቷል። መሪው የሚቆምበት ሻንሲው ላይ ያለው ብረት ከተቀጠቀጠ ደግሞ ሞተር ሳይክሉ ክፉኛ ወድቆ ያውቃል፤ ተዪው። የመጨበጫዎቹ ጫፍና እግር ማሳረፊያው ላይ የሚታይ ቀላል ጭረት አያስፈራሽ። ቆሞ የወደቀ ነው።

የሻንሲ ቁጥሩና የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ ይሁን። ልዩነት ካለ፣ «እሱ ምንም አይደለም፣ ይስተካከላል» ቢሉሽም አትቀበዪ። ታሪኩ የማይታወቅ ንብረት እየገዛሽ ነው።

አንቺ ገና መንዳት ስለማትችዪ ለሙከራ የሚነዳልሽ ሰው ያስፈልግሻል። መካኒክ ከሆነ ይሻላል። ለመካኒኩ የምትከፍይው ትንሽ ገንዘብ በሕይወትሽ ከምታወጫቸው ወጪዎች የማይቆጭሽ ነው። ጓደኛ ይዘሽ ከሄድሽ ደግሞ «ለእኔ ምረጥልኝ» ሳይሆን «ይህን ፈትሽልኝ» በይው። የመለዋወጫ ጉዳይንም ጠይቂ። የፍሬን ሸራ፣ ፊልትሮ፣ የፍሪሲዮን ገመድ በአካባቢሽ በቀላሉ የማይገኝለት ሞተር ሳይክል፣ ቢያምርም፣ ጋራዥ ቆሞ ነው የሚከርመው።

ገንዘብሽን ሁሉ ሞተር ሳይክሉ ላይ አትጨርሺ

ሄልሜት፣ ጃኬት፣ ጓንት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማና ጠንካራ ሱሪ። ይህ ከበጀቱ ቀድሞ የሚወጣ ነው። የሚተርፈው ነው የሞተር ሳይክሉ ዋጋ። ገንዘቡ ካልበቃ የምትቀንሺው ከሞተር ሳይክሉ ላይ ነው።

ሄልሜት አዲስ ግዢ። ያገለገለ ሄልሜት ወድቆ ይሁን አይሁን ከውጭ አይታወቅም። ምት የሚውጠው ከውስጥ ያለው ፎም ነው፤ አንዴ ከተጨመቀ አይመለስም። ኢሲኢ 22.06 የሚል የደኅንነት ደረጃ ምልክት ያለው ፊትን በሙሉ የሚሸፍን ይሁን። ልክሽ መሆኑን ለማወቅ አድርገሽው ግራና ቀኝ አንቀሳቅሺው። የጉንጭሽ ቆዳ አብሮት መንቀሳቀስ አለበት። ማሰሪያውን አጥብቀሽ ከኋላ ወደ ፊት ግፊው፤ ከወለቀ ትልቅ ነው። ከዚያ ሱቁ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ያህል አድርገሽው ቆዪ። ግንባርሽ ላይ አንድ ቦታ መውጋት ከጀመረ ቅርጹ ያንቺ አይደለም፤ መንገድ ላይ ያሠቃይሻል። እ.ኤ.አ. በ2008 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ግምገማ ሄልሜት የራስ ጉዳትን በ69 ከመቶ፣ ሞትን በ42 ከመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ማሰሪያው ያልታሰረ ሄልሜት ግን በምት ጊዜ ከራስ ላይ ይወልቃል።

ጓንቱን አትናቂው። ሰው ሲወድቅ ቀድሞ የሚዘረጋው እጁን ነው።

ከመግዛትሽ በፊት ተማሪ

መኪና መንዳትሽ ይጠቅምሻል። መንገድ ማንበብ ታውቂያለሽ፤ ሌሎች ነጂዎች ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ ትገምቻለሽ። እጅና እግርሽ ግን ከዜሮ ነው የሚጀምሩት። ፍሪሲዮን በግራ እጅ፣ ማርሽ በግራ እግር፣ የፊት ፍሬን በቀኝ እጅ፣ የኋላ ፍሬን በቀኝ እግር ነው። መኪና ላይ ስትደነግጪ ቀኝ እግርሽን ትረግጫለሽ። ሞተር ሳይክል ላይ ይህ ልማድ የኋላ ጎማውን ብቻ ይቆልፍና ያንሸራትትሻል። አዲሱ ልማድ እስኪገባሽ ድረስ ዝግ ሜዳ ላይ መደጋገም አለብሽ።

የኸርት ጥናት አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች 92 ከመቶ የሚሆኑት ራሳቸውን ያስተማሩ ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ የተማሩ እንደነበሩ አግኝቷል። ጓደኛሽ ጎበዝ ነጂ ሊሆን ይችላል። ማስተማር ግን ሌላ ሙያ ነው። የሥልጠና ማዕከል ሄደሽ በእነሱ ሞተር ሳይክል ጀምሪ። የመጀመሪያው ውድቀትሽም በእነሱ ሞተር ሳይክል ላይ ይሁን። በዚያ ላይ ሥልጠናውን ስትጨርሺ ስለ ሞተር ሳይክል ያለሽ ምርጫ ራሱ ይቀየራል። ብዙ ተማሪዎች የሚያልሙትን ሞዴል ስም ይዘው መጥተው ሌላ ገዝተው ይሄዳሉ።

ሥልጠናው ላይ ኩርባ ስታልፊ ወዴት ማየት እንዳለብሽ በደንብ እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። ሞተር ሳይክል ዓይንሽ ወዳረፈበት ይሄዳል። ጉድጓዱን ካየሽው ትገቢበታለሽ። መውጫውን እዪ።

እንግዲህ ኤምቲ-03 ወይስ ሬብል?

ሬብል 500 ዝቅተኛ ነው፤ ሁለቱም እግርሽ ሙሉ በሙሉ መሬት ይረግጣል። ጉልበቱ በዝቅተኛ ዙር ይመጣል፤ በጣም ታዛዥ ነው። ክብደቱ ግን 190 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ዝቅ ማለቱ ያቀልለዋል እንጂ አያጠፋውም። የኋላ ሾኩ አጭር ስለሆነ የተበላሸ መንገድ ላይ ወገብሽ ይሰማዋል። ኩርባ ላይ ብዙ ስታጋድሚው እግር ማሳረፊያው ቶሎ መሬት ይነካል።

ኤምቲ-03 ከ20 ኪሎ በላይ ይቀላል። ቀጥ ብለሽ ትቀመጫለሽ፤ ከመኪኖች በላይ አርቀሽ ታያለሽ። ጠባብ ነው፤ በከተማ ውስጥ እንደ ልብ ይዞራል። ከከተማ ውጭ ኩርባ ላይ ከሬብል የበለጠ ያስተምርሻል። ሽፋን ስለሌለው ቢወድቅም ብዙ አይጎዳም። የአር6 ፍቅርሽንም በጥቂቱ ያስታግስልሻል፤ ዙሩን ከፍ ስታደርጊው ሕያው ይሆናል።

ሥራ መመላለሻሽንና የእረፍት ቀን ጉዞሽን አንድ ላይ ሳይ ኤምቲ-03ን እመርጥልሻለሁ። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ ጫማሽን አድርገሽ ስትቀመጪ ግራ እግርሽ ሙሉ በሙሉ መሬት ይርገጥ። ካልረገጠ፣ ወይም ዘወትር የምታቆሚበት ቦታ ዳገትና ጠጠር የበዛበት ከሆነ ሬብሉን ውሰጂ። በየትኛውም ቢሆን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሰው ከኋላ አትጫኚ። ወደ ሥራ የሚወስደውን መንገድም መኪና በማይበዛበት እሑድ ጠዋት ደጋግመሽ ንጂው፤ ሰኞ በጥድፊያ ሰዓት ስትወጪ የሚያስቸግሩሽን መገናኛዎች አስቀድመሽ ታውቂያቸዋለሽ።